ትልቅ ላፕቶፕ ሲገዙ ትልቅ መሆን ያለበት ምኑ ነው?

ዳንግላ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በቅርቡ ስልክ ደወለልኝ፡፡ በማሳው ዳር የተከለውን ዲከረንስ ሸጦ ለልጁ ላፕቶፕ ሊገዛለት ማሰቡን ነገረኝ፡፡ አካባቢውን ለማያውቁ አንባቢያን፣ ዲከረንስ በአዊ ዞን፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ በስፋት የሚተከልና ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ቆይቶ ለከሰል የሚደርስ የግራር ዘር ነው፡፡ እንግዲህ ወንድሜ ለአንድ ዕቃ ሊያወጣ ያሰበው የዓመታት ልፋቱን ነው ማለት ነው፡፡

‹‹ልጁ የሠርግ ቪዲዮ እሠራበታለሁ ይላል፤ እኔ ግን ጌም ሊጫወትበት ይመስለኛል፡፡ አንተ እንጀራህ ነውና አብረኸው ሂድ፤ አደራ›› አለኝ፡፡ ልጁ በበኩሉ ስልኩን ተቀብሎ፣ ‹‹አጎቴ፣ ብቻ ትልቁን ይምረጡልኝ፤ 17 ኢንቹን›› አለኝ፡፡

‹‹ትልቁን›› የምትለዋን ቃል ስሰማ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ፡፡ እኔም ከዓመታት በፊት የተሸወድኩት በዚህችው ቃል ነው፡፡ ለወንድሜ ልጅ የነገርኩትን ለሌሎችም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ እነሆ ጽፌዋለሁ፡፡

የእኔ ስህተት

የምኖረው እንጅባራ ነው፤ የሠርግና የልደት ፎቶና ቪዲዮ እሠራለሁ፡፡ በ2010 ዓ.ም. የመጀመሪያ ላፕቶፔን ስገዛ ሻጩን የጠየቅኩት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፡፡ ‹‹ስክሪኑ ትልቅ ነው?›› እና ‹‹ኮር አይ7 ነው?››፡፡ ለሁለቱም መልሱ አዎ ነበር፡፡ ሻጩ አልዋሸኝም፡፡ ስክሪኑ 17.3 ኢንች ነው፤ ከኪቦርዱ ጥግም ኮር አይ7 የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፡፡

ሥራ ስጀምር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ፡፡ ፕሮሰሰሩ 7500ዩ የሚባለው ነው፤ ስሙ አይ7 ይሁን እንጂ ያለው ሁለት ኮር ብቻ ነው፡፡ ለብቻው የተሠራ ግራፊክስ ካርድ የለውም፡፡ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ሬንደር ላድርግ ብዬ ማታ ትቼው እተኛለሁ፤ ጠዋት ስነሳ ወይ አላለቀም፣ ወይ መብራት ሄዶ ተቋርጦ ይጠብቀኛል፡፡

ከሁሉ የከፋው ግን ቀለሙ ነበር፡፡ አንድ የሠርግ አልበም በዚያ ስክሪን እያየሁ ቀለሙን አስተካክዬ ወደ ባሕር ዳር ልኬ አሳተምኩ፡፡ አልበሙ ሲመጣ የሙሽራዋ ፊት ቀይ ሥር መስሎ ወጣ፡፡ እናቷ ገጹን ገልጠው አይተው፣ ‹‹ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም›› አሉኝ፡፡ አልበሙን በራሴ ወጪ ደግሜ አሳተምኩ፤ ከዚያ ሠርግ ያገኘሁት ትርፍም በዚያው ቀረ፡፡ ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ አልነበረም፡፡ ስክሪኑ ቀይን አደብዝዞ ስለሚያሳየኝ እኔ በላዩ ቀይ እየጨመርኩ ነበር፡፡

ጌምና ሥራ የሚገናኙበት ቦታ

የወንድሜ ስጋት ከጌሙ ላይ ስለነበር መጀመሪያ ያስረዳሁት ይህን ነው፡፡ ጌም የሚያጫውተውና ቪዲዮ የሚሠራው የላፕቶፑ ክፍል አንድ ነው፤ እርሱም ግራፊክስ ካርዱ ነው፡፡ በፊፋ ጨዋታ ሜዳውንና ተጫዋቹን የሚስለው ካርድ፣ በዳቪንቺ ሪዞልቭ ቀለም ስናስተካክል ወይም በብሌንደር ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስል ስንሠራም ዋናውን ሸክም የሚሸከመው ነው፡፡ ስለዚህ ለሥራ በደንብ የተመረጠ ላፕቶፕ ቀለል ያለ ጌም ያለ ተጨማሪ ወጪ ያጫውታል፡፡

የተገላቢጦሹ ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም፡፡ ለጌም ተብለው የተሠሩ ብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ካርዳቸው ጠንካራ ሆኖ ስክሪናቸው ግን ደካማ ነው፤ ለፈጣን እንቅስቃሴ እንጂ ለትክክለኛ ቀለም አልታሰቡም፡፡ እንግዲህ ደንቡ፣ ለሥራው መርጦ ጌሙን እንደ ምርቃት መቀበል ነው፡፡

ስክሪን፤ ከስፋቱ በፊት ቀለሙ

15.6 እና 17.3 ኢንች የሚባለው ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ሲለካ ነው፡፡ የ17.3ቱ የስክሪን ስፋት ከ15.6ቱ በ23 በመቶ ገደማ ይበልጣል፡፡ ቪዲዮ ለሚቆርጥ ሰው ይህ ትንሽ አይደለም፡፡ ዛሬ በአዳዲሶቹ ላይ የተለመደው 16 ኢንች ደግሞ ቁመቱ ስለጨመረ፣ በቪዲዮ ማቀናበሪያው ሥር የሚደረደሩት ትራኮች በደንብ ይታያሉ፡፡

ነገር ግን ስፋት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፡፡ የእኔ ትልቅ ስክሪን የነበረው ጥራት 1600 በ900 ፒክስል ነው፤ ከእርሱ ያነሰ 15.6 ኢንች ስክሪን 1920 በ1080 ቢሆን የበለጠ ዝርዝር ያሳያል፡፡ ከ1920 በ1080 በታች የሆነን ለዚህ ሥራ አይግዙ፡፡

ቀጥሎ የስክሪኑን ዓይነት ይጠይቁ፡፡ ቲኤን የሚባለው ዓይነት ከጎን ወይም ከላይ ሲያዩት ቀለሙ ይገለበጣል፤ አይፒኤስ የሚባለው ግን ከየትም ቢያዩት እምብዛም አይለወጥም፡፡ የቀለም ስፋቱ ደግሞ ኤስአርጂቢ በሚባለው መለኪያ ወደ 100 በመቶ የቀረበ ቢሆን ይመረጣል፡፡ በመግለጫው ላይ ‹‹45 በመቶ ኤንቲኤስሲ›› የሚል ካዩ፣ ያ ስክሪን ከኤስአርጂቢ ቀለማት ሁለት ሦስተኛ ገደማውን ብቻ የሚያሳይ ነው፡፡ ‹‹72 በመቶ ኤንቲኤስሲ›› የሚለው ግን ለፎቶ ይበቃል፡፡

ሻጩ ይህን ካላወቀ ቀላል መፈተኛ አለ፡፡ እኔ በፍላሽ ይዤ የምሄደው ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ያነሳሁትን ፎቶ ነው፡፡ በዓሉን የሚያዘጋጀው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው፡፡ የፈረሶቹ ጌጥ ቀይና ብርቱካን፣ አረንጓዴና ቢጫ ስለሚደባለቅበት የስክሪኑን ጉድ ወዲያው ያወጣዋል፡፡ ቀዩ ከብርቱካኑ ካልተለየ፣ የጋቢው ነጭ እጥፋትም ጠፍቶ አንድ ነጭ ጨርቅ ከመሰለ፣ ያ ስክሪን ለአልበም ሥራ አይሆንም፡፡ እርስዎም በደንብ የሚያውቁትንና ታትሞ ያዩትን አንድ ፎቶ ይዘው ይሂዱ፡፡

ግራፊክስ ካርድ

የግራፊክስ ካርድ ሁለት ዓይነት ነው፡፡ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራና ከራሙ ላይ እየተካፈለ የሚጠቀም ነው፤ ሌላው የራሱ ማስታወሻ ያለው ለብቻው የተሠራ ነው፡፡ ለቪዲዮና ለጌም የሚመረጠው ሁለተኛው ነው፡፡ የራሱ ማስታወሻ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ይሁን፤ ፎርኬ ቪዲዮ ለሚሠራ 6 ወይም 8 ይሻላል፡፡

በገበያው የሚገኙትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ፡፡ ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጊጋባይት ነው፤ ለመነሻ ይበቃል፡፡ አርቲኤክስ 3050 በብዛት ባለ 4፣ አርቲኤክስ 3060 እና 4050 ባለ 6፣ አርቲኤክስ 4060 ደግሞ ባለ 8 ጊጋባይት ናቸው፡፡ ከመሥሪያ ቤት በወጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ኳድሮ ቲ1000 እና ቲ2000 የሚባሉ ለሥራ የታሰቡ ካርዶች አሉ፤ 4 ጊጋባይት አላቸው፣ ቀለል ያለ ጌምም ያጫውታሉ፡፡ ከእነዚህ የቀደሙትን፣ ማለትም ጂቲኤክስ 1050 እና 1060 እንዲሁም ኳድሮ ‹‹ፒ›› የሚባሉትን፣ በጣም ካልረከሱ በቀር አልመክርም፤ ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ለእነዚህ መደበኛ አዳዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣቱን አቁሟል፡፡

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፡፡ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ካርዶች እኩል ላይሠሩ ይችላሉ፡፡ ለምሳሌ የላፕቶፑ አርቲኤክስ 3060 እንደ አምራቹ ምርጫ ከ60 እስከ 115 ዋት ኃይል እንዲወስድ ተደርጎ ይሠራል፡፡ በቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ የገባው ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል በዝቅተኛው ዋት ይታሰራል፡፡ ላፕቶፕ ‹‹ትልቅ›› መሆኑ በእውነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ሰፊ አካል ሰፊ ማራገቢያ ይይዛል፡፡

ፕሮሰሰር፤ ከስሙ ይልቅ ቁጥሩ

ኮር አይ5፣ ኮር አይ7 የሚለውን ብቻ አይመልከቱ፤ ከኋላው ያለውን ቁጥርና ፊደል ያንብቡ፡፡ 9850ኤች ሲል የመጀመሪያው 9 ዘጠነኛ ጄኔሬሽን ማለት ነው፤ 10750ኤች ከሆነ ደግሞ አሥረኛ ነው፡፡ መጨረሻ ላይ ያለው ‹‹ኤች›› ለከባድ ሥራ የተሠራ መሆኑን፣ ‹‹ዩ›› ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራ መሆኑን ያመለክታል፡፡ ሁለቱም የጠቀስኳቸው ባለ 6 ኮር ናቸው፡፡ የእኔ 7500ዩ ግን ባለ 2 ኮር ነበር፡፡ ስምንተኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ5 8300ኤች እንኳ 4 ኮር ስላለው ከእኔ ‹‹አይ7›› እጅግ ይሻላል፡፡

ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ላለመውረድ ሌላም ምክንያት አለ፡፡ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚያደርገው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፡፡ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ኢንቴል ወይም ከራይዘን 2000 ተከታታይ ጀምሮ ያሉትን ነው፡፡

ራምና ሃርድ ዲስክ

ለፎቶ 16 ጊጋባይት ራም ይበቃል፤ ለቪዲዮ 32 ቢሆን ሥራው ይቀላል፡፡ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግዛት ካልተቻለ ራም የሚጨመርበት ቦታ ያለውን ይምረጡ፡፡ ቀጫጭኖቹ ራማቸው ከቦርዱ ጋር ስለሚበየድ በኋላ መጨመር አይቻልም፡፡ ዴል ፕሪሲዥን 7540፣ ኤችፒ ዜድቡክ 15 ጂ6 እና ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ53 ግን እስከ አራት የራም መሰኪያ ያላቸው ስለሆኑ ዛሬ በ16 ጀምሮ ከሁለት ሠርግ በኋላ ማሳደግ ይቻላል፡፡

ስለ ቦታ በስሌት እንነጋገር፡፡ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀዳ የፎርኬ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል፡፡ ሁለት ካሜራ ለአራት አራት ሰዓት ቢቀዳ 360 ጊጋባይት መጣ ማለት ነው፤ ይህ የአንድ ሠርግ ብቻ ነው፡፡ በዚህ ላይ ልጁ ጂቲኤ 5ን እጭናለሁ ካለ ከ70 ጊጋባይት በላይ ይጨመራል፡፡ ስለዚህ በላፕቶፑ ውስጥ 512 ጊጋባይት ወይም 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ለሚሠራው ሥራ፣ በውጭ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ለማስቀመጫ ያስፈልጋል፡፡ በላፕቶፑ ላይ ብቻ ያለ የሰው ሠርግ ግማሹ እንደጠፋ ይቁጠሩት፡፡

በውስጡ ያለው የሚሽከረከረው የድሮው ሃርድ ዲስክ ከሆነ በኤስኤስዲ ይለውጡት፡፡ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም ምክንያቱ፡፡ የድሮው ዲስክ እየዞረ ሳለ ሲንገጫገጭ ሊጎዳ ይችላል፤ ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፡፡ ከእንጅባራ ወደ ገጠር ቀበሌ ለሠርግ የሄደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፡፡

የእኛ አገር ከፍታ፣ ዝናብና መብራት

በውጭ አገር የሚጻፉ የላፕቶፕ ምክሮች የማያነሷቸው ሦስት ነገሮች እኛ ጋ አሉ፡፡

የመጀመሪያው ከፍታ ነው፡፡ እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዳንግላ ዝቅ ትላለች፡፡ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ካለው በአምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ በመሆኑ ማራገቢያው የሚገፋው አየር የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው፡፡ ቅዝቃዜያችን ይህን በከፊል ይክሰዋል፡፡ ሆኖም ላፕቶፑን አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ ሬንደር ማድረግ ሌላ ቦታ ከሚያደርሰው ጉዳት የበለጠ እዚህ ያደርሳል፡፡ በዓመት አንድ ጊዜ አስከፍቶ አቧራውን ማስጠረግና የፕሮሰሰሩን ሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ማስቀየር ተገቢ ነው፡፡

ሁለተኛው ዝናቡ ነው፡፡ በክረምት ከቀዝቃዛ ውጭ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ላፕቶፕ ጤዛ ይይዛል፤ ከመክፈትዎ በፊት በቦርሳው እንዳለ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት፡፡ መብረቅ ሲኖርም ቻርጀሩን ከሶኬቱ ይንቀሉ፡፡

ሦስተኛውና ዋናው መብራት ነው፡፡ እዚህ የባትሪ ጤንነት የምቾት ጉዳይ አይደለም፤ ሥራን የማዳን ጉዳይ ነው፡፡ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መብራት በሄደ ቁጥር ያልተቀመጠ ሥራን ይዞ ይጠፋል፡፡ የባትሪ አቅም በዋት-ሰዓት ይለካል፤ 60 ዋት-ሰዓት ባትሪ 20 ዋት በሚወስድ ቀላል ሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ 100 ዋት በሚወስድ ሬንደር ወይም ጌም ግን አርባ ደቂቃም አይሞላ፡፡ አብዛኞቹ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሆኑ ግራፊክስ ካርዱን ስለሚያደክሙት ከባድ ሥራ በቻርጀር ብቻ እንደሚሠራ ይወቁ፡፡

ቻርጀሩም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፡፡ እነዚህ ላፕቶፖች 180 ወይም 230 ዋት የሚሰጥ ግዙፍ ቻርጀር ይዘው ነው የሚሠሩት፡፡ አነስተኛ ዋት ያለው ሲሰካባቸው ብዙዎቹ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፡፡ እንዲህ ያለ ቻርጀር በእንጅባራ ሱቆች ፈልጌ ያገኘሁበትን ቀን አላስታውስም፤ ስለዚህ ከዋናው ቻርጀር ጋር ካልሆነ አይግዙ፡፡ ከመሰኪያው በፊት ስታብላይዘር ቢኖር መብራት ተመልሶ ሲመጣ ከሚፈጥረው ግፊት ይጠብቀዋል፡፡

የኢንተርኔቱን ነገርም አይርሱ፡፡ በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ፣ በየጊዜው በኢንተርኔት ፈቃዱን ማረጋገጥ የሚፈልግ ፕሮግራም የነበራቸው ባልደረቦቼ ተቸግረው ነበር፡፡ እኔን ያወጣኝ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ እትም ነው፡፡ ለፎቶ ጊምፕ፣ ለሥዕል ክሪታ፣ ለባነርና ለአርማ ኢንክስኬፕ በነፃ ይገኛሉ፡፡ ላፕቶፑን በገዙበት ከተማ ሳሉ ፕሮግራሞቹን፣ ድራይቨሮቹንና የፈለጉትን ጌም ጭነው፣ መጫኛውንም በዲስክ ይዘው ይመለሱ፡፡ በአዊኛ ጽሑፍ ለሚሠሩም ዩኒኮድ ፎንት መኖሩን ማረጋገጥ ይበጃል፤ የድሮዎቹ ፎንቶች ለአማርኛ ብቻ ታስበው የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ፡፡

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የላፕቶፕ ዋጋ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ እዚህ ቁጥር ባስቀምጥ ጽሑፉ ሳይነበብ ያረጃል፡፡ ይልቅ አመዳደቡን ልንገራችሁ፡፡ ከመቶ ብር ሰባ አምስቱን ለላፕቶፑ፣ አሥራ አምስቱን ለተጨማሪ ራምና ለማስቀመጫ ዲስክ፣ አሥሩን ለስታብላይዘር፣ ለቦርሳና ለመጓጓዣ ያድርጉ፡፡ ገንዘቡን በሙሉ ለላፕቶፑ ብቻ የጨረሰ ሰው የመጀመሪያውን ሠርግ የሚያስቀምጥበት ያጣል፡፡

በተመሳሳይ ዋጋ ‹‹ብራንድ ኒው›› ተብሎ የሚሸጥ ተራ ላፕቶፕና ‹‹ስላይትሊ ዩዝድ›› ተብሎ የሚሸጥ የመሥሪያ ቤት ዎርክስቴሽን ጎን ለጎን ቢቀርቡልኝ፣ ለዚህ ሥራ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፡፡ አካሉ ጠንካራ ነው፤ የሚፈታና የሚጠገን ነው፡፡ ጉድለቱ ክብደቱ ነው፡፡ የ17 ኢንቹ ዎርክስቴሽን ከሦስት ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ቻርጀሩ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ አራት ይጠጋል፡፡ ከቤት ለማይወጣ ችግር የለውም፤ በየሠርጉ ተሸክሞ ለሚዞር ግን 15.6ቱ ይሻላል፡፡

ማክቡክስ? የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀርብልኛል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ባለ 16 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ ኤም1 ፕሮ ለቪዲዮ ግሩም ነው፤ ስክሪኑም ባትሪውም የሚያስቀና ነው፡፡ ነገር ግን ራሙም ኤስኤስዲውም የተበየደ ነው፤ የሚያጫውታቸው ጌሞች ጥቂት ናቸው፤ ሲበላሽም ጠጋኙ ሩቅ ነው፡፡ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸውን የ2019 ማክቡኮች ግን ይተዉአቸው፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው ማክኦኤስ 26 የኢንቴል ማኮችን የሚቀበል የመጨረሻው ነው፡፡

ሱቅ ውስጥ ሳሉ የሚደረግ ምርመራ

መርካቶም ይሁን ቦሌ፣ ባሕር ዳርም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሚከተሉትን ያድርጉ፡፡ ከአዲስ አበባ እንጅባራ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ‹‹ጋራንቲ አለው›› የሚለው ቃል ብዙም አይረዳም፡፡

አንደኛ፣ ተለጣፊውን ወረቀት ትተው ላፕቶፑን ያስከፍቱ፡፡ ታስክ ማናጀር የሚባለውን ከፍተው የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ የራሙን መጠንና የግራፊክስ ካርዱን ስም ከነማስታወሻው ያንብቡ፡፡

ሁለተኛ፣ አጥፍተው እንደገና ሲያበሩት ወደ ባዮስ ይግቡ፡፡ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ወይም የአንድ ድርጅት ንብረት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ካሳየ ይተዉት፡፡ ለማክቡክም የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን ያረጋግጡ፡፡

ሦስተኛ፣ የባትሪውን ሪፖርት ያስወጡ፡፡ ፓወርሲኤፍጂ የተባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና ዛሬ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል፡፡ ግማሹን ካጣ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከላፕቶፑ ዋጋ ላይ እንዲቀነስ ይደራደሩ፡፡

አራተኛ፣ የኤስኤስዲውን ጤንነት ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይዩ፡፡ በፍላሽ ይዘውት ይሂዱ፡፡

አምስተኛ፣ ከባድ ቪዲዮ ወይም ጌም ከፍተው ሃያ ደቂቃ ያሠሩት፡፡ ችግር ያለበት ላፕቶፕ በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ጨዋ ነው፡፡ ከዚያ በኋላ ነው የሚጮኸው፣ የሚቀዘቅዘው ወይም የሚጠፋው፡፡ ሻጩ ‹‹ጊዜ የለኝም›› ካለ ሌላ ሱቅ አለ፡፡

ስድስተኛ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ የፍላሽና የኤችዲኤምአይ መሰኪያዎቹን በሙሉ፣ የካሜራ ካርድ ማንበቢያውንም ይሞክሩ፡፡ ስክሪኑን በነጭ፣ በጥቁርና በቀይ ሞልተው የሞተ ነጥብ መኖሩን ይዩ፡፡

በመጨረሻ የገዛነው

የወንድሜን ልጅ ይዤ ባሕር ዳር ሄድኩ፤ ዕቃውን በቅርብ ማስመለስ ይሻላል ብዬ ነው፡፡ በመጀመሪያው ሱቅ ዓይኑ ያረፈው ኪቦርዱ በቀይና በሰማያዊ መብራት በሚያበራ ባለ 17.3 ኢንች ላፕቶፕ ላይ ነበር፡፡ አልከለከልኩትም፡፡ የፈረሶቹን ፎቶ ከፍተን ስክሪኑን ከጎን እንዲያየው አደረግኩ፡፡ ቀዩ ጌጥ ቡናማ መሰለ፡፡ ‹‹አጎቴ፣ ይሄ ይቅር›› ያለው ራሱ ነው፡፡

በሦስተኛው ሱቅ ያገኘነው ያገለገለ ባለ 15.6 ኢንች ዎርክስቴሽን ነው፡፡ ኮር አይ7 9850ኤች፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ ኳድሮ ቲ2000፣ 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ አይፒኤስ ስክሪን፡፡ አንድ ጥጉ ተፍቋል፤ ባትሪው ከአቅሙ ሩቡን አጥቷል፤ ለዚህም ከዋጋው ተቀነሰልን፡፡ በተረፈው ገንዘብ 2 ቴራባይት ተንቀሳቃሽ ዲስክና ስታብላይዘር ገዛን፡፡ የራም ማሳደጉን ለራሱ ገቢ ተውነው፡፡

ወንድሜ ላፕቶፑን አይቶ መጀመሪያ ቅር አለው፤ ያንን ያህል ዛፍ ሸጦ ጥጉ የተፋቀ ዕቃ መምጣቱ አልዋጠለትም፡፡ ልጁ ግን በመጀመሪያው ሳምንት የጎረቤት ክርስትና ቀርጾ በማግስቱ ጨርሶ አስረከበ፤ የተከፈለውንም አምጥቶ ለአባቱ ሰጠ፡፡ ማታ ማታ ፊፋ ይጫወታል፡፡ ወንድሜ ደውሎ፣ ‹‹ጌሙን አልተወም እኮ›› ሲለኝ፣ ‹‹ሥራውን ካስረከበ በኋላ ነው ወይስ በፊት?›› ብዬ ጠየቅኩት፡፡ ‹‹በኋላ›› አለኝ፡፡ እንግዲያው ተወው አልኩት፡፡

በዚህ ዓመት ላፕቶፕ ለምትገዙ ሁሉ መልካም ግዢ!